ቫይታል ሳይን ስትወስዱ፦ ድሬዳዋ ዋርድ ውስጥ ከማየው

ይህን የምጽፈው ገና ከኮሌጅ ወጥታችሁ ዋርድ ለገባችሁ ነርሶች ነው። ቤት ውስጥ የግፊት ወይም የልብ ሕመምተኛ የምታስታምሙም ብታነቡት አትከስሩም። የምሠራው ድሬዳዋ፣ የአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎች ለልምምድ ይመጡብናል፣ አዳዲስ ተቀጣሪዎችም ይመደባሉ፣ እና አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ሁሌም ቫይታል ሳይን ነው፣ ማለትም ትንፋሽን፣ ደም ግፊትን፣ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ መለካት። ቀላል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። እኔ ግን በሽተኛ ሊብስበት ሲል ቀድሞ የሚናገረው ይሄው ቀላል የተባለ ሥራ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚናገረው ግን በደንብ ከተለካና ቁጥሮቹ አንድ ላይ ከተነበቡ ብቻ ነው።

በትንፋሽ ልጀምር፣ ከሁሉም የተረሳው እሱ ስለሆነ። የፈለጋችሁትን ቻርት ገልጣችሁ የትንፋሽ መስመሩን ተከተሉት። 20፣ 20፣ 18፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ስኳሩ ተስተካክሎለት ነገ የሚወጣውም 20። ሰው እንዲህ አይተነፍስም። ነርሶች ግድ ስለሌላቸው ነው ብዬ አላምንም። ግፊቱን ማሽን ይለካዋል፣ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ጣት ላይ የምትደረገዋ መሣሪያ ትናገራለች፣ ትንፋሽን ግን ማንም አይቆጥርላችሁም፤ ቆማችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ማየት አለባችሁ። ዋርዱ ሞልቶ ሁለት ነርስ ብቻ በምትገቡበት የሌሊት ዱቲ ያቺ አንድ ደቂቃ ብዙ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ አንዱን ብቻ በትክክል ውሰጂ ብትሉኝ የምመርጠው ትንፋሹን ነው።

አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲተነፍስ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ሳንባው ውሃ ሲቋጥር፣ ኢንፌክሽን በደሙ ሲሰራጭ፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ደሙ ውስጥ አሲድ ሲጠራቀም፣ ሰውነቱ ቀድሞ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ትንፋሹን ማፍጠን ነው። ግፊቱ በዚያን ጊዜ ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከ20 ሲያልፍ ልብ በሉ። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይጠራ። 8 እና ከዚያ በታችም እንደዚያው ነው፣ በተለይ ሞርፊን፣ ትራማዶል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ። እንግሊዞች በ2012 አውጥተው በ2017 ያሻሻሉት ኒውስ የሚባል የነጥብ ሰንጠረዥ አለ፣ የበሽተኛን መዳከም ቀድሞ ለመያዝ የተሠራ ነው፣ እሱም ላይ 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ለብቻው ትልቁን 3 ነጥብ ያገኛል። ዋርዳችሁ ሰንጠረዡን ባይጠቀምበት እንኳ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ሌሊት ላይ ልጥራ ወይስ ልጠብቅ ብላችሁ ስታመነቱ ይረዳችኋል።

አቆጣጠሩ ላይ ጥንቃቄ አለ። "ትንፋሽህን ልቆጥር ነው" ካላችሁት ሰውየው ሳያውቀው አተነፋፈሱን ይቀይራል። እኔ የእጁን አንጓ ይዤ የልብ ምቱን እቆጥራለሁ፣ ስጨርስ ግን እጁን አልለቅም፣ ዓይኔን ወደ ደረቱ አዞራለሁ። እሱ ገና የልብ ምት እየቆጠርኩ ይመስለዋል። ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ላዩ ላይ የሚከናነቡ እናቶች እኛ ጋ ብዙ ናቸው፣ እነሱ ላይ የደረት እንቅስቃሴ አይታይም። ያን ጊዜ እጃቸውን ቀስ ብዬ ሆዳቸው ላይ አስቀምጥና እዚያው አንጓቸውን እይዛለሁ። ሲተነፍሱ እጄ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ልብስ መግለጥ የለ፣ ማሳፈር የለ። ከቁጥሩ ጋር አተነፋፈሱንም ጻፉት። ጥልቅ ነው ወይስ ቁርጥ ቁርጥ ይላል? የአንገቱ ጡንቻ እየተሳበ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ይችላል?

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፣ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፣ ድካም ብለው ነው የገቡት። የሰውነት ሙቀታቸው 36.2፣ ግፊታቸው 118 በ70፣ የልብ ምታቸው 96፣ ኦክስጅናቸው 93። ቻርቱ ላይ ትንፋሽ 20 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ካያችኋቸው የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ልጃቸው ግን አልጋው አጠገብ ሆና "ሲስተር፣ እማዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ወሬ ትቀላቅላለች፣ እንዲህ አልነበረችም" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ቆጠርኩት፣ 30 ነው። የሳንባ ምች ነበር፣ ወደ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነትን ወደሚያናጋበት ደረጃ) እየሄደ። ሐኪሙ ወዲያው መጣ፣ ኦክስጅን፣ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በዚያው ሰዓት ተጀመረላቸው፣ አልሐምዱሊላህ ድነው ወጡ። ትኩሳት አለመኖሩ እንዳያዘናጋችሁ ነው ይህን የማነሣው። አዛውንቶች ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፣ እንዲያውም ሙቀታቸው ከ36 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከትኩሳቱ የባሰ ምልክት ሊሆን ይችላል። የአስታማሚን ቃል ደግሞ እንደ አንድ መለኪያ ቁጠሩት። "ዛሬ ልክ አይደለም" የሚል ሰው በሽተኛውን ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል፣ እኛ የምናውቀው ከትናንት ወዲህ ነው። ከዚህ በፊት ያልነበረ መቀባዠር ወይም መፍዘዝ ኒውስ ላይም 3 ነጥብ ነው።

ደም ግፊት ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እሱ ይለካል፣ የሚበላሸው በአለካኩ ነው። የሚያበላሹት ነገሮች ደግሞ እኛ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ያሉ ናቸው። አንድ ሰው በግንቦት ፀሐይ ከቀፊራ ገበያ በእግሩ መጥቶ፣ ወይ ከባጃጅ ወርዶ ተቻኩሎ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ካፍ (ክንድ ላይ ታስሮ አየር የሚነፋውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ) ብትጠቀልሉበት የምታገኙት ቁጥር የመንገዱ ነው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ እግር በእግር ላይ አይደራረብ፣ ክንዱ ከልቡ እኩል ከፍታ ላይ ይረፍ። ሽንቱ መጥቶ ከሆነ መጀመሪያ ይሽና። ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥቶ ወይም ሲጋራ አጭሶ እንደሆነ ጠይቁት። ስትለኩ አያውራ፣ እናንተም አታናግሩት፣ ወሬ ብቻውን የላይኛውን ቁጥር 10 ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ድሬ ላይ ይሄ ይከብዳል፣ ሰላምታችን ረጅም ነው፣ የልጅ የጎረቤቱ ደህንነት ሳይጠየቅ ሥራ አይጀመርም። እኔ ሰላምታውን ሁሉ አስቀድሜ እጨርስና "አሁን ለአንድ ደቂቃ ዝም እንበል አባ" እላለሁ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ጫቱን ደግሞ በግልጽ እናውራው። ከሰዓት በኋላ ወደ ድንገተኛ ወይም ተመላላሽ ክፍል የሚመጣ ሰው በርጫ ላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። አንድ ወጣት ለሌላ ጉዳይ መጥቶ 152 በ96 አገኘሁበት፣ የልብ ምቱ 112። "አቦ ሲስተር፣ እኔ ግፊት የለብኝም!" አለኝ። "ዛሬ ቅመሃል?" አልኩት። ቅሟል። ሳይቅም ጠዋት መጥቶ ሲለካ 124 በ78 ነበር። በዚያው ከሰዓት ግፊት አለብህ ተብሎ መድኃኒት ቢጀመርለት ኖሮ አስቡት። ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ነው፣ ስለ ቡናና ስለ ሲጋራ እንደምጠይቀው አድርጌ። ሰው እየተፈረደበት ከመሰለው እውነቱን አይነግራችሁም። መልሱንም ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት፣ "ከ2 ሰዓት በፊት ቅሟል" በቂ ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ። ሰው ስለቃመ ብቻ ሕመሙን "የጫት ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጫት የልብን ደም ሥር ሊያጠብና የልብ ድካምና ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፣ ስለዚህ ደረቱን የሚያመው ቃሚ ቶሎ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ስለ ካፍ መጠን ብዙ ሰው አያስብም። ክንዳቸው ወፍራም የሆኑ ሰዎችን በተለመደው ካፍ ስትለኩ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። በጣም የከሳ ሰው ላይ ሰፊ ካፍ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። አየር የሚሞላው የካፉ ክፍል የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ብዙ ቦታ ያለው አንድ መጠን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቁ ከሌለ ያንኑ ካፍ ከክርን በታች ጠቅልሎ አንጓ ላይ መስማት ይቻላል፣ ግን የተለካበትን ቦታ መጻፍ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ነርስ ክንድ ላይ ለክቶ ያገኘውን ካንተ ቁጥር ጋር ያወዳድራል። ልብስ ላይ አትጠቅልሉ። እጅጌ ተጠቅልሎ ክንዱን ካሰረውም ልክ አይመጣም፣ ቢወልቅ ይሻላል። እናቶችና እህቶች ክንዳቸውን ወንድ ፊት መግለጥ ካልፈለጉ መጋረጃ ይሳብ፣ ሴት ነርስ ትለካ። ይህን ማመቻቸት ሁለት ደቂቃ አይወስድም፣ የተሳቀቀ ሰው ግፊቱም ከፍ ይላል። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) የገባበት፣ የዳያሊሲስ ፊስቱላ (ለኩላሊት እጥበት በቀዶ ጥገና የተገናኘ ደም ሥር) ያለበት ወይም የጡት ቀዶ ጥገና በተደረገበት ጎን ያለ ክንድ ላይ አትለኩ።

በእጅ የምትለኩ ከሆነ መጀመሪያ አንጓው ላይ የልብ ምቱን ዳስሱ፣ እየነፋችሁ ምቱ የጠፋበትን ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ 30 ጨምራችሁ ንፉ፣ ከዚያ በሰከንድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ የላይኛው ነው፣ ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ የታችኛው። ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በ1905 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ እስካሁንም ከብዙ ማሽን የተሻለ ያገለግለናል። ቶሎ ካወረዳችሁት ግን የላይኛውን ዝቅ፣ የታችኛውን ከፍ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ሁሉም ቁጥር በዜሮ የሚያልቅ ቻርት ካያችሁ፣ 120 በ80፣ 130 በ90፣ 110 በ70፣ በጆሮ የተሰማ ሳይሆን በግምት የተጠጋጋ ነው። መለኪያው ላይ ያለው መስመር በ2 በ2 ነው የሚሄደው፣ እንደዚያው ጻፉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሰው በሁለቱም ክንድ ለኩና ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ክንድ ተጠቀሙ።

የተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት ሕመም አለ ይባላል። አንድ ቀን ከፍ ማለት ብቻውን አይደለም። 180 በ120 አግኝታችሁ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም መቀባዠር ካለ ደቂቃ አትጠብቁ። ምልክት ከሌለው አሳርፋችሁ ደግማችሁ ለኩና ለሐኪሙ ንገሩ፣ ግን ቁጥሩን በአንዴ ለማውረድ አትሯሯጡ፣ ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ምላስ ሥር ማድረግ የሚባለው የድሮ ልማድ ግፊትን በድንገት ጥሎ አንጎልና ልብን ሊጎዳ ይችላል። ዝቅታ ላይ ደግሞ ከ90 በታች የሆነ የላይኛው ቁጥር ሁሉንም ያስደነግጣል። እኔን የሚያስደነግጠኝ የሰውየውን የወትሮ ቁጥር አለማወቅ ነው። ዓመታት 170 ላይ የኖረ ሰው ዛሬ 110 ሲሆን ቻርቱ ላይ ጤነኛ ይመስላል፣ ለእሱ ግን ወርዷል።

በሙቀቱ ወቅትና በረመዳን አንድ ነገር ጨምሩ፣ ተኝቶም ቆሞም ለኩ። ከተነሣ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ፈሳሽ አንሶታል ወይም መድኃኒቱ በዝቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል፣ የሚያሸና ክኒን የሚወስዱት ላይ በተለይ። ጾመኛ በሽተኛ መድኃኒቱን ለማፍጠሪያ ይውሰደው፣ ለሱሁር ይውሰደው፣ ወይ ጨርሶ ትቶት ይሁን ሳትጠይቁ የግፊቱን ቁጥር መተርጎም አይቻልም።

የልብ ምት ላይ ማሽኗን ብቻ አትመኑ። ጣታችሁን አሳርፉ። ከ60 እስከ 100 ነው መደበኛው፣ እኩል የሚመታ ከሆነ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 ማባዛት ይበቃል። ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ግን ሙሉ ደቂቃ፣ እሱም በስቴቶስኮፕ ልቡ ላይ። አገራችን ውስጥ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፣ ልባቸው ወጣ ገባ ሲመታ አንዳንዱ ምት እጅ ላይ አይደርስም፣ አንጓ ላይ 84 የሚመስለው ልብ ላይ 120 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የግፊት ማሽንም ይሳሳታል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልቡ ላይ ሲቆጠር ከ60 በታች ከሆነ ክኒኑን ሳትሰጡ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ።

ምቱን ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ማንበብ ነው ዋናው። ትኩሳት አንድ ዲግሪ ሲጨምር ምቱም 10 ያህል ይጨምራል። 39.5 ትኩሳት ኖሮት ምቱ 80 ብቻ ከሆነ ታይፎይድን አስቡ፣ ወይም አቴኖሎል የመሰለ ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት እየወሰደ እንደሆነ ጠይቁ። ጥቁር ሰገራ አለኝ ብሎ የመጣ ሰው ግፊቱ 110 በ70፣ ምቱ 124 ከሆነ ግፊቱ ደህና ነው ብላችሁ አትረፉ። ደም ሲፈስ ምት ቀድሞ ይወጣል፣ ግፊት የሚወርደው ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ያው አቴኖሎል እዚህም ይሸውዳል፣ ምቱን ደብቆ ያቆየዋል።

የሙቀት መለኪያ ራሱ አጭር ነገር ነው። ብብት ከሆነ ላቡን አድርቁ፣ ክንዱ ይገጠም፣ ከአፍ በግማሽ ዲግሪ ያህል እንደሚያንስ አስታውሱ። በአፍ ከሆነ ትኩስ ሻይ ወይም ሆጃ ከጠጣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ አፉ ውስጥ ጫት ይዞ ደግሞ አይለካም። ግንባር ላይ የሚተኮሰው መለኪያ ከፀሐይ የገባ ሰው ላይ የቆዳውን ሙቀት ነው የሚያነበው፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ላቡ ይጠረግ። በሙቀቱ ወራት ግን 40 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚቀባዥር ሰው ከመጣ የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ሳትጠብቁ ውሃና ማራገቢያ ይጀመር፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ይቆይ።

ትኩሳት ላይ ብዙ የምናገረው ያለኝ ስለ ደንጊ ነው፣ በትንኝ ስለሚተላለፈው የቫይረስ ሕመም። ድሬዳዋ በፈረንጆቹ 2013 የደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2019 ደግሞ እንደሱ በትንኝ የሚተላለፈውን የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ አይታለች። ወባም አለ። ስለዚህ ትኩሳት ሲመጣ ሁላችንም ትኩሳቱን እንከታተላለን፣ ሲወርድ እንደሰታለን። ደንጊ ላይ ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ ከሕመሙ 3ኛ እስከ 7ኛ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። የደም ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ ይጀምራሉ። አንድ ጎልማሳ በአምስተኛ ቀኑ ሙቀቱ 37 ገባ፣ ቤተሰቡ ልብሱን እያዘጋጀ ነበር፣ ባለቤቱ "ላቡ ወጣለት፣ ተመስገን" እያለች። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። ምቱ 116፣ ግፊቱ 102 በ86። የላይኛው ከ100 በላይ ስለሆነ ደህና ይመስላል፣ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 16 ብቻ ነው። ደንጊ ላይ ይህ ልዩነት 20 እና ከዚያ በታች ሲሆን ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) እየመጣ ነው። ለሐኪሙ የነገርኩት ይህንኑ ልዩነት ነው፣ መውጣቱ ቀረና ፈሳሽ ተጀመረለት፣ በየ15 ደቂቃው ስንለካ አደርን፣ ጠዋት ላይ እጁ ሞቀ። ስለዚህ ደንጊ የተጠረጠረ ሰው ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ባሉት 24 እስከ 48 ሰዓታት ቫይታል ሳይኑን አታሳንሱ፣ አብዙት። የሆድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ካለ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አይሰጥ፣ ደም መፍሰሱን ያባብሳሉ።

ወደ ኦክስጅን መለኪያዋ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ጣቱን እዩት። እኛ ጋም ሐረርም ሠርግና ዒድ ሲሆን ጣት ሁሉ ሂና ነው። ጠቆር ያለ ሂናና የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ይከለክለዋል፣ ያልተቀባ ጣት ፈልጉ፣ ከሌለ የጆሮ ጫፍ ላይ ሞክሩ። የቀዘቀዘ እጅ አሙቁት። መሣሪያዋ የምታሳየው የልብ ምት እናንተ በእጃችሁ ከቆጠራችሁት ጋር ካልተጣጣመ የኦክስጅን ቁጥሯንም አትቀበሉ። ከ95 እስከ 100 መደበኛ ነው፣ 91 እና ከዚያ በታች አስቸኳይ። ለዓመታት ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች ላይ ግን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ነው የሚያዝዙት፣ ኦክስጅን ከፍቶ 99 ማድረስ ሊጎዳቸው ይችላል።

ሁለት ጊዜ ደግሞ መሣሪያዋ ደህና ብላ ሰውየው ደህና ላይሆን ይችላል። አንዱ የከሰል ጭስ ነው። ከሰል የተያያዘበት ዝግ ክፍል ውስጥ አድሮ ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት ወይም ደንዝዞ የመጣ ሰው ላይ 98 ልታሳይ ትችላለች፣ የከሰሉን መርዛማ ጋዝ ከኦክስጅን መለየት አትችልምና። ታሪኩን ከሰማችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ኦክስጅን ክፈቱ። ሌላው ቆዳችን ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ጥቁር ሰዎች ላይ መሣሪያዋ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የምታነብበት ጊዜ ከነጮቹ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ስለዚህ 93ን እንደ 93 ብቻ አላየውም፣ ትንፋሹ 26 ከሆነ 93ቱ ከዚያም ሊያንስ ይችላል ብዬ ነው የማስበው።

ቁጥሮቹን ስትጽፉ የትናንቱን ጎን ለጎን እዩ። ጠዋት ምት 88 ትንፋሽ 18፣ ቀትር 98 እና 22፣ ማታ 108 እና 24 የሆነ ሰው አንዱም ቁጥሩ ለብቻው አያስጮህም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይናገራሉ። ዱቲ ስትረካከቡ "ደህና ነው" አትበሉ፣ የመጨረሻውን ቁጥርና የቀደመውን ተናገሩ።

ሐኪም ስትጠሩም እንዲሁ ነው። "ዶክተር፣ 7 ቁጥር ያሉት ሰውዬ ደክሟቸዋል" ካላችሁ ይቆያል። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ "7 ቁጥር፣ የሳንባ ምች፣ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ትንፋሽ 20 ነበር፣ አሁን 28። ምት ከ90 ወደ 118፣ ግፊት 104 በ60፣ ኦክስጅን በ3 ሊትር 91፣ ከቅድም ጀምሮ ይቀባዥራሉ። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፣ እስከዚያ ኦክስጅኑን ልጨምር?" ወጣት ኢንተርንም ይሁን ትልቅ ሐኪም፣ እንዲህ የተባለ ሰው ይነሣል። ካልተነሣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግማችሁ ለኩ፣ አዲሱን ቁጥር ይዛችሁ ደግማችሁ ደውሉ፣ አሁንም ከዘገየ ከእሱ በላይ ያለውን ጥሩ፣ የደወላችሁበትንም ሰዓት ቻርቱ ላይ ጻፉ።